የአማቴ አውራ ጣትና የሠርጉ ሰንጋ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሰው መታመም የሚታወቀው ሐኪም ቤት ሲገባ አይደለም፤ ሥጋ ቤት ሲቀር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወዳጆችህ ጋር ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ካልታየህ፣ ሰኞ ቢሮ ስትገባ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ትባላለህ። «ደህና ነኝ፣ ሥጋ ቀነስ አድርጌ ነው» ካልክማ ነገሩ ከበደ። ጠያቂው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ትከሻህን ያዝ ያደርግና «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይልሃል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያይህ እንደ ሐዘንተኛ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮ ስታዝ ካየህማ ቤተሰብህን እስከ መጠየቅ ይደርሳል።

ለመሆኑ ሥጋ ለጤና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እናንተ ባላችሁበት አገር ይህን የሚመልሱት ሐኪሞች ይሆናሉ። እኛ ዘንድ መልስ የማያጣ ሰው የለም። አንዱ ጥሬ ሥጋ ደም ይሆናል ይላል፤ ሌላው ጉልበት፤ ሦስተኛው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላ ነገር ይሆናል ይላል። «ትሉስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ዳጣው ይገድለዋል ትባላላችሁ። ዳጣ ማለት ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ቁርጡ የሚጠቀስበት ማባያ ነው፤ እሳት ነው። እስካሁን ዳጣ የበላተኛውን እንባ ሲያወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ትል ሲገድል ግን አላየሁም።

እኔ የደብረ ብርሃን አካባቢ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ወደ ሶዶ ሲያዛውረኝ ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ ፍራሼን እንኳ ጠቅልዬ አልመጣሁም ነበር። ከዚያ አስቴርን አገኘሁ፤ አስተማሪ ናት፣ እዚያው ወላይታ ውስጥ ያለችው የገሱባ ልጅ። ፍራሹ እዚያው ቀረ። በሃይማኖቱ በኩል እኔ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ የአስቴር ቤተሰቦች ፕሮቴስታንት ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ሽሮዬን እያነሳሁ «ጾም ነኝ» ስል «ታዲያ እየበላህ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ጾም ጸሎት ሲይዙ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ሲፈቱ ግን፣ ስሙ ይመስገን፣ በጎመን አይፈቱም።

አሁን አማቴን ላስተዋውቃችሁ። አቶ ዳና ይባላሉ። ገሱባ ውስጥ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሶዶ እኛ ዘንድ መኖር ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ይህን የምለው አማቴ ስለሆኑ አይደለም፣ አገሩ የሚመሰክረው ነው። በድንበር የተጣላ፣ ከሚስቱ የተኳረፈ ሁሉ «አቶ ዳና ይምጡና ይናገሩ» ነው የሚለው። እኒህ እንከን የሌላቸው ሰው አንዲት ድክመት ብቻ ነበረቻቸው፤ እሷም ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ በቀይ አምፖል አሸብርቃ የተሰቀለችው ናት። ገሱባ ሳሉ ሥጋ የሚጎበኛቸው በዓል ጠብቆ ነበር። ሶዶ ሲመጡ ጎረቤታቸው ሆነ። ጎረቤትን ደግሞ አለመጠየቅ ነውር ነው።

አንድ ማለዳ ከክፍላቸው ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንገባ አቶ ዳና አልጋው ላይ ተቀምጠው የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት እንደ እንግዳ ሰው አፍጥጠው ያዩታል። ጣቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። ምን ነካው ስንል የነካው አንሶላ ነው። አንሶላ ሲነካቸው ነው የጮኹት።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ብርድ ነው» አለ አንዱ። «ጫማ ነው» አለ ሌላው። የማዶው ሥጋ ቆራጭ ሳይቀር መጥቶ ጣቱን በባለሙያ ዓይን መረመረና «ደም አንሷቸዋል፤ ጉበት ይብሉ» ብሎ መድኃኒቱን ሊልክ ተሰናበተ። አስቴር ጉበቱ ሳይደርስ አባቷን ባጃጅ ላይ ጭና ሆስፒታል አደረሰቻቸው። እኔም እግራቸውን እንደ ሕፃን ታቅፌ አብሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር አማቴ የሚጮኹት መዝሙር ነበር፤ ሌላ ቃል ከአፋቸው እንዳይወጣ።

ያየቻቸው ሐኪም ዶክተር ሰላም ትባላለች። የጎጃም ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዝም ያለች፣ ስትስቅ በዓይኗ ብቻ የምትስቅ።

«ሪህ ነው» አለች።

አማቴ ትንሽ ደስ ያላቸው መሰለኝ። «ይሄ የሀብታም በሽታ የሚሉት?»

«እንደዚያ ይሉታል።»

«በመምህር ጡረታ የሀብታም በሽታ!» አሉና ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሹመት እንደደረሰው ሰው።

«አባባ፣ ሥጋ ያዘወትራሉ?»

«እንደ ማንኛውም ሰው ነው።»

«በሳምንት ስንት ጊዜ ይሆናል?»

እንግዲህ አቶ ዳና አይዋሹም። ጣሪያውን አዩ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአጥንት ሥዕል አዩ። በመጨረሻ «የምትቆጥሪው በቀን ነው ወይስ በገበታ?» ሲሉ ጠየቁ።

ዶክተር ሰላም በዓይኗ ሳቀች፤ ከዚያም ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። «ሥጋ መርዝ አይደለም አባባ። ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር፣ ገና የሚያድግ ሕፃን ቢያገኙት መድኃኒታቸው ነበር። ችግሩ እነሱ አያገኙትም፤ እርስዎ ደግሞ የእነሱንም ድርሻ በልተውላቸዋል። ቀይ ሥጋ፣ በተለይ ጉበትና ኩላሊት ሲበዛ ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚሉት ነገር ይጠራቀማል። መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ እንደ መርፌ ይወጋል። ጥሬው ሲሆን ደግሞ የኮሶ ትልም አለበት።»

«አባቴ ዕድሜ ልኩን ጥሬ ሥጋ በልቶ፣ አርጅቶ ነው የሞተው» አሉ አማቴ፤ እንደ ጠበቃ።

«መቼ መቼ ነበር የሚበሉት?»

«ለጊፋታ፣ ዘመን ሲለወጥ። ለሠርግ። ደግሞ በሬ ገደል ሲገባ።»

«ገበያስ በምን ነበር የሚሄዱት?»

«በምን ይሄዳል? በእግሩ ነዋ!»

«እርስዎስ ሥጋ ቤት በምን ይሄዳሉ?»

ሥጋ ቤቱ ከቤታችን ማዶ ነው ብያችኋለሁ። አቶ ዳና ግን እዚያ ያለው ሥጋ ሲሰለቻቸው መናኸሪያው አካባቢ ወዳለው ይሄዳሉ። ያበጠ ጣታቸውን አዩት።

«በባጃጅ» አሉ።

ዶክተር ሰላም መድኃኒቱን ጻፈች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይህን ወግ አልጽፍም፤ እናንተም ጊዜያችሁን ለሌላ ቁም ነገር ታውሉት ነበር። ግን ሠርግ ነበረብን። የአስቴር ታናሽ እህት፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ምሕረት፣ ገሱባ ላይ ልትዳር ቀኑ ተቆርጧል። እናታቸው በሕይወት የሉም። ምሕረት ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ «አዋ እጄን ይዘው እስከ መድረኩ ያደርሱኛል።» አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። አንሶላ የማይችል ጣት ጫማ አድርጎ፣ በሕዝብ መካከል፣ በመዝሙር ምት እንዴት እንደሚራመድ አስቡት።

ስለዚህ አስቴር አባቷን ቃል አስገባቻቸው። አማቴም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «እስከ ሠርጉ ድረስ እግሬ ሥጋ ቤት አይረግጥም» አሉ። ቃላቸው እንደ ማኅተም ነው፤ ሁላችንም ተነፈስን። ቃሉን ግን ልብ ብሎ ያዳመጠ አልነበረም። ሥጋ ቁጠር ቢሉት ጣፊያ አንድ አለ እንደሚባለው ሰው፣ አማቴ ቆጠራውን ከየት እንደሚጀምሩ የገባኝ በኋላ ነው።

ጠባቂያቸው እንድሆን እኔ ተሾምኩ። ለጅብ ሥጋ አደራ ይሏል ይሄ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አማቴ «እግሬን ላፍታታ» ብለው ወጡ። ለእግር ማፍታታት ባጃጅ ሲሳፈሩ ሳይ ጠረጠርኩና በሌላ ባጃጅ ተከተልኩ። መናኸሪያው ጋ ስደርስ ባጃጃቸው ሥጋ ቤቱ በር ላይ፣ መጋረጃውን ጥሎ፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ከሥጋ ቤቱ አስተናጋጅ ወጣ፤ በአንድ እጁ ትሪ፣ በሌላ እጁ ዳጣ ይዟል። ትሪው በመጋረጃው በኩል ገባ። አስተናጋጁ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጠጋ ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩት። አማቴ ከኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል፤ ባለባጃጁ ማቴዎስ፣ የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል። ትሪው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቢላ ይዘዋል።

«ሳሮ!» አሉኝ፤ ሰላምታ ነው። አልደነገጡም።

«አባባ፣ ቃል ገብተው አልነበር?»

በቢላው ጫፍ ወደ መሬት አመለከቱ። «እግሬ ሥጋ ቤት ረግጧል?»

አልረገጠም። አየሁ፤ እግራቸው ባጃጅ ውስጥ ነው። ምን ይባላል? ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ላይ አማት። «ሐኪሟ ግን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሐኪሟ ቀንስ ነው ያለችኝ። እግዚአብሔር አንተን የላከልኝም ለዚህ ነው፤ ግባና ቀንስልኝ።»

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ትሪው ላይ ያለው ሥጋ ከተቆረጠ ተቆርጧል። እኔ የምጎርሳት እያንዳንዷ ቁራጭ አማቴ የማይጎርሷት ቁራጭ ናት። ስለዚህ ለአማቴ ጤና ስል ገባሁ። ለጤናቸው ስል ከሽንጡ በላሁ፤ ጤናቸው ይበልጥ ስላሳሰበኝ ጮማውንም ጨመርኩ። ባጃጅ ውስጥ ሥጋ መቁረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ማቴዎስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ባጃጇ ትወዛወዛለች፣ ቢላው ወደ አፍንጫችን ይመጣል፣ ዳጣው ወደ ሱሪያችን ይሄዳል። እየሳቅን በላን። ዳሞታ ተራራ ብቻ ከላይ ሆኖ ያየን ነበር፤ እሱም ጉም ለብሶ ነበርና ያየ አይመስለኝም።

ቤት ስንገባ አስቴር በር ላይ ቆማለች። «አዋ፣ ሥጋ ቤት ሄደው ነበር?»

«እግሬ ሥጋ ቤት አልረገጠም።»

ወደ እኔ ዞረች። «እውነት?»

«በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልረገጠም» አልኩ። እንዲህ ያለ ንጹህ ምስክርነት ሰጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አማቴ እግራቸውን ማፍታታት አዘወተሩ። እኔም መቀነሴን ቀጠልኩ።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ምሕረት ቀሚሷን ልታሳየን ከገሱባ መጣች። ቀሚሱን ለብሳ፣ ከኋላ ተንጠልጥሎ እንዳይጎተት በሁለት እጇ ይዛ፣ እየሳቀች ወደ አባቷ ክፍል ገባች። እዚያው ቆመች። አቶ ዳና እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለዋል። በዚያው ጠዋት ነበር የተመለሰባቸው፤ ቲማቲሙ እንደገና በስሏል። በዚህ ጊዜ ዝንብ ሲያርፍበት ነበር የሚጮኹት።

ምሕረት አልጮኸችም። ነጩን ቀሚሷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እንባዋ ብቻ ወረደ። «አዋ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚያደርሱኝ?»

አማቴ ሰዎችን ሲያስታርቁ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ሰው ፊት ሲያቀረቅሩ ግን የዚያን ዕለት አየሁ። «ባጃጅ ውስጥ በላሁ» አሉ።

አስቴር ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች፤ ወደ እኔ።

«እሱስ?»

«እሱማ» አሉ አማቴ፣ ሊረዱኝ ፈልገው፣ «ይቀንስልኝ ነበር።»

ባለቤቴ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ግማሹን በወላይትኛ ስለተናገረችው ሙሉ ትርጉሙን ባለማወቄ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ የምር ተዉት። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ዋጡ፤ ውሃ እንደ በረሃ ግመል ጠጡ። አስቴር ጠዋት ቦዬ ትቀቅላለች፤ እንደ ድንች ያለ ግን ከድንች ያነሰ ጨዋታ ያለው ሥር ነው። ማታ ሀለኮ ታቀርባለች፤ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ቅጠል ነው። አማቴ ሀለኮውን በማንኪያ እያገላበጡ «ልጅ ሆኜ ይህንን ለፍየል ነበር የምንሰጠው» አሉኝ አንድ ቀን። «ከዚያ ፍየሏን እንበላታለን። አሁን መሐል ላይ ያለችውን ፍየል ዘለልናት ማለት ነው።» ሳልስቅ ማለፍ አልቻልኩም። እሳቸው አልሳቁም፤ ፍየሏ ከልባቸው ናፍቃቸው ነበር።

የሠርጉ ዕለት ወደ ገሱባ የወሰደን ሚኒባስ መንገዱን ሳይሆን ጉድጓዱን መርጦ የሚሄድ ይመስል ነበር። ዶክተር ሰላምም ተጋብዛ አብራን መጣች። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ የምታየው የሰው ፊት ሳይሆን የአማቴን ጫማ ነው። ጫማው ሰፋ ያለ፣ አዲስ፣ ጥቁር ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መዝሙሩ ሲጀመር አቶ ዳና ምሕረትን ክንዳቸው ላይ አድርገው ገቡ። አንድ እርምጃ፤ ቆም። አንድ እርምጃ፤ ቆም። ሰው የመዝሙሩ ምት ነው ብሎ ያጨበጭባል፤ እኔና አስቴር ግን ትንፋሻችንን ይዘን ጣቱን በልባችን እንሸከማለን። መድረኩ ጋ ደረሱ። የልጃቸውን እጅ ለሙሽራው ሲሰጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሰውየው በዚያች ደቂቃ ሥጋን አላሰቡም ብዬ መማል እችላለሁ። ዶክተር ሰላም መሐረብ አውጥታ «አቧራ ነው» አለችኝ። አቧራ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ድንኳኑ ተጓዝን። ሰንጋው ታርዶ፣ ተገፎ፣ ቀይና ነጩ ተለይቶ ተሰቅሏል። በአማቴ ቤተሰብ የቆየ ወግ አለ፦ የሙሽራዋ አባት የመጀመሪያውን ቁራጭ በገዛ እጁ ቆርጦ ለክብር እንግዳው ያጎርሳል። እንግዳው ሳይውጥ በድንኳኑ ውስጥ አንድም ቢላ አይነሳም። ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ቢላቸውን ይዘዋል፤ ዳጣው ፊታቸው ላይ ነው።

አቶ ዳና ከሻኛው ቆረጡ። ዳጣ አስነኩት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አልፈው፣ የወረዳውን ባለሥልጣንም አልፈው፣ ዶክተር ሰላም ፊት ቆሙ።

«ልጄን በእግሬ ያደረስኩት ባንቺ ነው» አሉ። «እንኪ።»

ዶክተር ሰላም ቁራጩን አየችው። ቁራጩም እሷን ያያት ይመስል ነበር። ይህቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ «ሥጋ አብስላችሁ ብሉ» እያለች የምትውል ናት። እንቢ ብትል ያዋረደችው አማቴን ነው፤ እሺ ብትል ራሷን። እኔ በልቤ «ጎርሺው ግዴለም፣ ኮሶው በኋላ ይታያል» እላለሁ።

ተነሳች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብላ ቁራጩን በመዳፏ ተቀበለች። «አባባ፣ ክብሩን ተቀብያለሁ» አለች። «ሥጋው ግን… ይጠበስልኝ።»

ገሱባ ላይ፣ በሠርግ ድንኳን፣ ከሻኛ የተቆረጠ የመጀመሪያ ቁራጭ ይጠበስልኝ? አንዱን ሽማግሌ ምራቁ ትን አለው። ሌላው በወላይትኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ትርጉሙን አልጠየቅኩም። አቶ ዳና ልጅቷን አዩዋት፤ ቁራጩን አዩ። ቀስ ብሎ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ትከሻቸው፤ ከዚያ ጠቅላላ ሰውነታቸው። ለካ እየሳቁ ነው።

«ወጥ ቤት!» ብለው ጮኹ። «ምጣድ አምጡ!»

ቁራጩ እዚያው ድንኳኑ በር ላይ፣ በከሰል ምድጃ ላይ ተጠበሰ። ዶክተር ሰላም ጎረሰች፣ አኘከች፣ ዋጠች። ቢላዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሱ። ነገሩ አለቀ ብዬ እኔም ቢላዬን ሳነሳ፣ ከፊት ረድፍ አንድ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ተነስተው፣ ድርሻቸውን በሰሐን ይዘው፣ ማንም እንዳላያቸው ዓይነት አረማመድ ወደ ምድጃው ሄዱ። «ጥርሴ ነው» አሉ፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ቀጥለው ሌላው ተነሱ። «ትንሽ ሞቅ ብታደርጉልኝ፤ ሆዴን ይነፋኛል።» ሦስተኛው ምክንያት እንኳ አልተናገሩም፤ ሰሐናቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሳናስበው ምድጃው ፊት ሰልፍ ሆነ። ለካ የአገሩ ሽማግሌ ግማሹ ለዓመታት ጥብስ ሲመኝ፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ በይሉኝታ ጥሬ ሲያላምጥ ኖሯል! የሚጠብቁት አንድ ደፋር ሰው ብቻ ነበር። እሷም ከጎጃም መጣች።

ከጥብሱ በኋላማ ይባስ ሆነ። ሐኪም መሆኗ ተሰማ። አንዱ ጫማውን አወለቀ፤ «ይቺን ጣት እይልኝ።» ሌላው ካልሲውን ጭምር አወለቀ። ድንኳኑ ክሊኒክ ሆነ፤ ዘማሪዎቹ ይዘምራሉ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ይቆርሳሉ፣ ከአንድ ጥግ የጫማ ጫፍ የሚያህል አውራ ጣት ተራ በተራ ለዶክተር ሰላም ይቀርባል። አቶ ዳና በመሐል ቆመው «ቀስ በሉ፤ ወረፋ ያዙ» እያሉ ያስተናግዳሉ። ሠርጉ ስለደረሰ ከቃላቸው ነጻ ናቸው። ከጥብሱ ግን ያነሱት ጥፍር የምታህል አንዲት ቁራጭ ብቻ ነበረች፤ እሷን አንድ ሙሉ መዝሙር እስኪያልቅ ድረስ አኘኳት።

እኔስ? አጠገቤ የተቀመጠው የሙሽራው አጎት ሰልፉን እያየ «እናንተ የደጋ ሰዎች ጥሬ አትችሉም አሉ፤ ተሰለፍ እንጂ» አለኝ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል የደብረ ብርሃን ሰው አለ? ቢላዬን አነሳሁ። የደብረ ብርሃንን ክብር ከሽንጡ አስጠበቅኩ፤ ከዳቢቱ አስከበርኩ፤ ጉበት ሲመጣ በጉበት አረጋገጥኩ። አጎቱ ቢላውን አስቀምጦ እጁን ሲያነሳ ድንኳኑ አጨበጨበልኝ። ምሕረት ሳትቀር ከሙሽሮቹ ወንበር ላይ ሆና አጨበጨበች። ከአስቴር በስተቀር።

ሶዶ ተመልሰን በማግስቱ ማለዳ አንሶላው ነካኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር ሰላም ጣቴን አየች፤ አቶ ዳናን አየች፤ እንደገና ጣቴን አየች። «ይሄ በሽታ በዘር ነው የምንለው» አለች። «እናንተ ቤት በጋብቻ ነው እንዴ የሚወረሰው?» በዚህ ጊዜ በዓይኗ ብቻ አልሳቀችም፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። አስቴር ደግሞ ባሏ እንዲህ እያቃሰተ ከበሩ ጋ ቆማ ወደ ትምህርት ቤት ደውላ ፈቃድ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ «ሰዓት ረፈደብኝ» ብላ ወጣች።

እና ይኸው ቤት ተኝቻለሁ። ሥጋ ለጤና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ አለኝ፤ ግን የምመልሰው ጣቴን ካልነካችሁብኝ ነው። ቢሮ ያሉት ጓደኞቼ ቅዳሜ ስቀርባቸው ጊዜ ደውለው «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። አንዱ ሊጠይቀኝ እንደሚመጣና ባዶ እጁን እንደማይመጣ ነግሮኛል፤ ምን ይዞ እንደሚመጣ አልጠየቅኩትም፤ ሶዶ ነው ያለነው።

ከሰዓት በኋላ አማቴ የክፍሌን በር ገፋ አድርገው ገቡ። ጫማቸው ላይ ደህና ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የሚጨስ ቦዬ በሰሐን፣ በሌላው ትንሽ ቢላ ይዘዋል። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ቦዬውን ጣታቸውን እያቃጠላቸው ላጡት፣ ጨው ነሰነሱበት፣ ዘረጉልኝ።

«ብላ» አሉኝ። «ይለመዳል።»

ቀመስኩት። ከማኘክ ውጭ የሚሠራበት ነገር የለም። ዋጥኩትና «እርስዎስ ለመዱት?» አልኳቸው።

አማቴ በመስኮቱ የማዶውን ሥጋ ቤት ቀይ አምፖል አዩ።

«የለም» አሉና ሌላ ቦዬ አንስተው መላጥ ጀመሩ።